ባንችይርጋ ደረጃውን የወረደች ዕለት

ባንችይርጋን አንቱ ማለት አይቻልም። ዕድሜዋ ለአንቱታ ከደረሰ ቆይቷል፤ ግን አንድ የዋህ አፉ ስቶት «እንደምን አደሩ እትዬ» ካላት፣ «ምነው፣ መገነዣዬን ገዝተህ ነው የመጣኸው?» ብላ ገበያ መሀል ታሳፍረዋለች። ስለዚህ ላሊበላ ውስጥ ከመሪጌታው እስከ ሊስትሮው አንቺ ይላታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ነጭ ሽንኩርትና ድንብላል ትሸጥ ነበር። ሽንኩርቱ ሰበብ ነው እንጂ ሰው የሚሰበሰበው ለአፏ ነው። ማን ማንን እንዳጨ፣ የማን በሬ የማንን አዝመራ እንደበላ፣ የትኛው አስጎብኚ ለፈረንጅ ምን ብሎ እንደዋሸ ከእሷ ሳይሰማ ወደ ቤቱ የሚገባ ገበያተኛ ቅዳሜው አልተቆጠረለትም። እኔም የማውቀውን ያህል ያወቅሁት ከዘንቢሏ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነበር፤ እሷ ቅርብ ነበረች።

ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅም የላትም። የሥጋ ዘመዴ የምትለው ጋሸና መገንጠያው ላይ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ቤት የከፈተውን ታናሽ ወንድሟን ደሳለን ብቻ ነው። የምትኖረው አባቷ ባቆሙት ክብ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። የአገራችንን ቤት ላላየ ሰው ልንገረው፤ ባለ ደርብ ነው። ታች ፍየልና ገለባ፣ ላይ ሰው። ወደ ላይ የሚወጣው በውጭ በኩል ግድግዳውን ታክኮ በተደረደረ የድንጋይ ደረጃ ነው፤ መደገፊያ የሚባል ነገር የለውም። «እኔ የምኖረው ፎቅ ነው። አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶቻችሁስ ስንተኛው ላይ ናቸው?» ትለን ነበር።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ ከቅዱስ ነአኩቶ ለአብ ንግሥ ስትመለስ፣ ጠባቧ መንገድ ላይ አጠና የጫነ አህያ ከፊቷ ይሄድ ነበር። አህያው ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ዞር አለ። የአጠናው ጫፍም አብሮት ዞረ። ባንችይርጋ ተገፍታ ከመንገዱ በታች ካለው እርከን ሥር ተገኘች። ደሴ ድረስ ተወስዳ ስትመለስ፣ ከወገቧ በላይ ያው ባንችይርጋ ነች፤ ከወገቧ በታች ግን እግሮቿ ትእዛዝ መስማት ትተዋል። ሐኪሞቹም ከእንግዲህ አይሰሙም አሏት። ሊጠይቃት ለመጣ ሰው ሁሉ የምትለው አንድ ነው፤ «አህያው ደህና ነው ወይ? እሱ እንኳ ገበያውን እንዳያስታጉል።»

እኛም እየሳቅን እንወጣለን። ሰው ስቆ ከወጣ በኋላ እዚያ ቤት ውስጥ የሚቀረውን ግን ማን ያያል?

የሰፈሩ ሰው ተራ ገባላት። ዋናዋ ደብሪቱ ነች፣ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቷ። ጠዋት አንድ አቅም ያለው ወንድ ይጠራና በጀርባው አዝሎ ያወርዳታል፤ ደብሪቱ ተቀብላ ጓሮ ታደርሳታለች፤ ከዚያ ሌላ ወንድ ተፈልጎ ይመልሳታል። ክረምት ሲሆን ደረጃው ስለሚያንሸራትት ጭራሽ አትወርድም። ፍቅር አልጎደለባትም፤ ነገር ግን ፍቅርም ጆሮ አለው። ያቺ የሰውን ምስጢር ሁሉ የምታውቅ ሴት፣ አሁን ሽንቷ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ቧንቧ ላይ የተሰለፉት ሴቶች፣

«ባንችይርጋ ዛሬ ወረደች?»

«አልወረደችም።»

«እንዴ፣ ትናንትም አልወረደችም እኮ! ምን በልታ ይሆን?» እየተባባሉ ጀሪካናቸውን ይሞላሉ።

ደብሪቱ ናት ያስተዋለችው። ባንችይርጋ ውኃ መጠጣት ትታለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ እያየች «ጠጪ እንጂ» ስትላት፣ «አልጠማኝም» ትላለች። የጠጣ ሰው መውረድ አለበታ።

በዚህ መሀል ነው የቀበሌያችን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ማኅሌት ያልተሰማ ወሬ ይዛ የመጣችው። አንድ የተራድኦ ድርጅት፣ አካላቸው የተጎዳ ሰዎችን ቤት እንደየሁኔታቸው እያስተካከለ ይሠራል፤ በር ያሰፋል፣ ደረጃ ያስቀራል፣ መጸዳጃ ያበጃል፣ ዊልቸርም ይሰጣል። ወጪው ከድርጅቱ፣ ጉልበቱ ከሰፈሩ። «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» ይባላል አለች። የዚያን ዘመን ቀበሌ ያለዚህ ቃል አፉን አይከፍትም።

ይህን የሰማ ሰፈር ምን ይላል? ቤቱን ከነጣሪያው አንሥተው ሜዳ ላይ ያስቀምጡላታል ተባለ። ደረጃው በመብራት የሚሄድ ይሆናል፣ እሷ ትቀመጣለች፣ እሱ ያወርዳታል ተባለ። መብራቱ ራሱ መች ይገኛል ብሎ የጠየቀ የለም። ይህን የመጨረሻውን ወሬ ከየት እንዳመጡት እኔ አላውቅም።

ቤቱን የሚያየው ባለሙያ አድማሴ የሚባል፣ ረጋ ያለ የደሴ ልጅ ነው። ጥቅምት ላይ «ሰኞ ይመጣል» ተባለ። እንግዳ ይመጣል ከተባለ ደግሞ ላስታ የሚያደርገውን ያደርጋል።

እሑድ ግቢው ተጠረገ። ሰኞ ገና ጎሕ ሲቀድ ባንችይርጋን አወረድናት፤ ታጥባ፣ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ወይራው ሥር በትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። የሙሽራ እናት ትመስላለች። እግሮቿ ላይ ነጭ ጋቢ ተጣለ። ጓሮ ያለችው የመጸዳጃ ጉድጓድ እንዳታሳፍረን በሰሌን ተጋረደች። ደብሪቱ ዶሮ ሠራች። አድማሴ ሲገባ የሰፈሩ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ተቀበለው።

«እንደምን ነዎት እናቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ጎደለብኝ?» አለች፤ አንቱታውን ለእንግዳ ክብር ስትል ውጣ።

«ሕመሙስ?»

«ኧረ ደህና ነኝ። ከእኔ የባሰ ስንት አለ።»

«መውጣት መውረዱ አያስቸግርዎትም?»

«ይህ ሁሉ ሰው እያለልኝ!» አለችና በእጇ ዙሪያውን አሳየችው። እኛም ደረታችንን ነፋን።

«መጸዳጃ ቤትስ? እንዴት ነው የሚጠቀሙት?»

ደብሪቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። በእንግዳ ፊት፣ ያውም ምግብ ሊቀርብ ሲል!

«እሱም ደህና ነው» አለች ባንችይርጋ መሬት መሬት እያየች። «ይልቅ እጁን አስታጥቡት፣ ወጡ በረደ።»

«ደረጃውን ሲወርዱ ባይዎት ጥሩ ነበር።»

«አሁን? ምግብ ቀርቦ? ተቀመጥ ልጄ፣ በሞቴ!»

በላ፤ ተመረቀ፤ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞረውና ሄደ። እኛም «እንዲህ ነው እንግዳ መቀበል» እየተባባልን የተረፈውን ዶሮ ጨረስን።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማኅሌት ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ለባንችይርጋ አልተፈቀደም፤ ዕድሉ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

«ምን አጠፋን?» አለች ደብሪቱ።

«ደህና ነኝ አለቻ!»

«እና ምን ትበል?»

«ደህና አይደለሁም ትበል!»

«ለማታውቀው ሰው? በመጀመሪያ ቀን?» ደብሪቱ በእውነት ደነገጠች።

ማኅሌት በረጅሙ ተነፈሰች። «ሰውየው ያየውን ነው የተናገረው። ንጹሕ ለብሳ፣ ሰው ከቧት፣ ምንም ሳይጎድልባት የምትኖር ሴት አየሁ አለ። ብልባላ በኩል ግን መሬት ለመሬት የሚድህ ሰው አይቷል። እናንተ ብትሆኑ ለማን ትሰጣላችሁ?»

ዶሮ አርደን ነው ቤቷን ያስከለከልናት።

ወሬው ጋሸና ሲደርስ ደሳለ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ይቸኩላል። «እትዬ፣ በቃ» አላት። «ፋሲካ ይዋልና መኪና ይዤ እመጣለሁ። ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ። ከምግብ ቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል አለችኝ።»

«ክፍሏ ውስጥ ምን አለ?»

«አልጋ።»

«ከአልጋው ላይ ሆኜስ ምን አያለሁ?»

ደሳለ መዋሸት አያውቅም። «ግድግዳ» አለ። «ግን በቅርብ የተቀባ ነው።»

«ቤቴስ?»

ደሳለ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ላሊበላ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ቤት ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም። በመጀመሪያው ክረምት ጣሪያው ያፈሳል፣ በሁለተኛው ጭቃው ይሟሟል፣ ከዚያ ድንጋዩ አንድ በአንድ እየተነሣ የሰው አጥር ይሆናል።

እሺም እምቢም ሳትለው ሸኘችው። ደብሪቱን ግን «ከዚህ ቤት በሰው ጀርባ ታዝዬ ከወጣሁ፣ ጋሸና የሚደርሰው ሬሳዬ ነው» አለቻት። ይህን ደብሪቱ ለእኔ በምስጢር ነገረችኝ፤ ለሌላውም ሰው ሁሉ እንዲሁ በምስጢር።

ሁዳዴ ገባ። አድማሴ ብልባላ የተሠራውን ቤት አይቶ ሲመለስ፣ ማኅሌት መንገድ ላይ ጠብቃ ያዘችው። «አንድ ጊዜ ብቻ ግባ። ሳይነገራቸው።»

ሳይነገረን ገባ። ግቢው አልተጠረገም። ጥልፍ ቀሚሱ ሣጥን ውስጥ ነው። ጾም ነውና ዶሮ ማረድ እንኳ አይቻልም፤ እግዜር መርዳት ሲፈልግ እንዲህ ያደርጋል። አድማሴ ከታች ሆኖ «ጤና ይስጥልኝ» ሲል ሰፈሩ እንደተነካ ቀፎ ተነሣ። ደብሪቱ ነጭ ጋቢ ልታመጣ ሮጠች። ግንበኛው ጋሻዬ ጀርባውን አመቻችቶ ደረጃውን ወጣ፤ አዝሎ ሊያወርዳት ነው።

«ጋሻዬ፣ ውረድ» አለች ከላይ።

«ምነው?»

«ውረድ አልኩህ። ማንም እንዳይነካኝ። ደብሪቱ፣ ጋቢውን ተይው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ ያን ጊዜ ደረጃውን ስወርድ ልይሽ ብለህ ነበር። አሁን ጊዜ አለህ?»

«አለኝ» አለ አድማሴ።

በሩ ላይ ብቅ አለች። ቆማ አይደለም፤ ተቀምጣ። የበሩን ደፍ በሁለት እጇ ይዛ ራሷን ወደ ውጭ ጎተተች። አንዱን እግሯን ከጉልበቱ ሥር ያዘችና፣ የሌላ ሰው አደራ ዕቃ ይመስል በጥንቃቄ፣ ከፊቷ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ሁለተኛውንም። ከዚያ በመዳፎቿ ተመርኩዛ ገላዋን አነሣችና ወደ ታች ለቀቀችው። ድው አለ። በግራዋ ግድግዳ ነው፤ በቀኟ ባዶ አየር።

እንደገና አንዱን እግር። እንደገና ሌላውን። ድው።

ይህን መቼ ተማረችው ብዬ አሰብሁ። ኋላ ነው የገባኝ፤ አልተማረችውም። ሁልጊዜ በጀርባችን ስናወርዳት ኖረናል። ያን ቀን ዓይናችን እያየ ነው የጀመረችው።

ቀሚሷ ከድንጋዩ ጋር ተያያዘና ወደ ላይ ተሰበሰበ። ወንዶቹ ክብሯን ለመጠበቅ ብለን ፊታችንን አዞርን።

«ፊታችሁን አታዙሩ!» ብላ ጮኸች። «እናንተም እዩ። እናንተም አይታችሁ አታውቁም።»

አየን።

መካከል ላይ ስትደርስ አንዱ እግሯ ከጠርዙ ተንሸራተተና ወደ ባዶው ተንጠለጠለ። ሰውነቷም ተከትሎት ጋደል አለ። ሴቶቹ «ድረሽ ማርያም!» ብለው ጮኹ። ጋሻዬ ሊሮጥ ሲል ደብሪቱ እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው፤ እያለቀሰች ነው፣ ግን አለቀቀችውም። ባንችይርጋ የአንድ እጇን ጥፍሮች ግድግዳው ድንጋይ መሀል ሰክታ ቆየች። ትንፋሿ ይሰማናል። በሌላው እጇ ቀሚሷን ይዛ እግሩን ቀስ እያለች ጎትታ መለሰችው።

«ዝም በሉ» አለች። «ማርያምማ ታውቃለች። የማያውቀው እሱ ነው።»

መሬት ስትደርስ መዳፎቿ ደምተዋል። አላረፈችም። በክርኖቿ እየተሳበች ግቢውን አቋርጣ ወደ ጓሮ ሄደች፤ አድማሴ ከኋላዋ፣ እኛ ከእሱ ኋላ፣ ፍየሎቹ ከእኛ ኋላ። ጉድጓዷ ጋ ስትደርስ ወደ እሱ ዞረች። «ከዚህ በኋላ ያለውን እነግርሃለሁ እንጂ አላሳይህም።» ነገረችውም። በወንድ ፊት፣ በጎረቤት ፊት፣ በተራ ቃል፣ ምንም ሳታስቀር፤ ማን እንደሚይዛት፣ ስንት ሰው እንደሚጠራ፣ ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፈች፣ ውኃ ለምን እንደማትጠጣ። በሕይወቷ ሙሉ የሰው ወሬ ያወራች ሴት የራሷን ስታወራ ያን ቀን ገና ሰማናት።

«በል፣ አሁን ጠይቀኝ» አለችው።

አድማሴ የመጀመሪያውን ቀን ጥያቄ ደገመው። «እንደምን ነዎት እናቴ?»

«ደህና አይደለሁም።»

በላስታ ምድር ሰው ለእንግዳ ይህን ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ ጊዮርጊስ ጠርዝ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ አፉን ከፍቶ ሲቀር ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እኔ እዚያው ተወልጄ አንድም ቀን አፌ ተከፍቶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ተከፈተ። «ይነሡ እትዬ» ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ፣ መገነዣ እንዳታነሣብኝ ፈርቼ ዋጥሁት።

አድማሴ አላነሣትም። አቧራው ላይ ከጎኗ ተቀመጠ፣ ፊቱ ከፊቷ ጋር እኩል እስኪሆን። «ከየቱ እንጀምር?» አላት።

ፈቃዱ በዚያው ወር መጣ። ሐሳቡ ላይኛውን ቤት ትቶ የፍየሎቹን ምድር ቤት የሰው ቤት ማድረግ ነበር። ይህን ስትሰማ ባንችይርጋ ቱግ አለች። «እኔ ከፍየል ቤት? ፍየሎቹስ የት ሊሄዱ ነው?» ትንሽ አሰበችና፣ «ለነገሩ እነሱ እግር አላቸው። ላይ ይውጡ» አለች። ወጡም። እስካሁን ላሊበላ ውስጥ ባለ ፎቅ ፍየል ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው፤ መስኮት ላይ ብቅ ብለው መንገደኛውን ቁልቁል ሲያዩት ይኮራሉ።

ጋሻዬ በሩን ሊያሰፋ ግድግዳውን ሲከፍት ቤቱ ይናዳል ብለን ሩቅ ቆምን። የአባቷ ግድግዳ ነው፤ ድንጋዩና ጭቃው ተላምዶ አንድ ሆኗል። አጠና አስደግፎ አንዱን ድንጋይ ፈለቀቀ፤ ሌላውን ፈለቀቀ፤ ላዩ እንዳለ ቆመ። ከዚያ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ልክ የሆነ ዝቅ ያለ መስኮት ከፈተ። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ፀሐይ ያላየ ክፍል ነው። ብርሃኑ ሲገባ ወለሉ ላይ እንደ ውኃ ፈሰሰ፤ ደብሪቱ ሳታስበው ጫማዋን አወለቀች።

ከበሩ እስከ መንገዱ ያለው መሬት ቀይ አለት ነው። ደረጃ የሌለው፣ ጋደል ያለ መንገድ እዚያው አለቱ ላይ መፈልፈል ነበረብን፤ ሰፈሩ በደቦ ወጣ። ለቅዱስ ላሊበላ ሌሊት ሌሊት መላእክት ይሠሩለት ነበር ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው፣ መዶሻውን አመሻሽ ላይ በተስፋ ጥሎ ይሄዳል። ጠዋት ሲመለስ አለቱ እንደተወው ቆይቶታል። ማኅሌት «ተሳትፎ!» እያለች ከጀርባችን ትጮኻለች። እንዲህ እንዲህ እያልን ጨረስነው፤ ስንጨርሰው ዳር ቆመን በእጃችን ዳሰስነው፣ እኛ መሥራታችንን ስላላመንን።

መጸዳጃው ከቤቱ ጋር ተያይዞ ተሠራ፤ መቀመጫ አለው፣ ግራና ቀኝ የብረት መያዣ አለው፣ በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው። ባንችይርጋ በአዲሱ ዊልቸር ገብታ በሩን ቀረቀረችው። ቆየች። በጣም ቆየች። ደብሪቱ አላስችል ብሏት አንኳኳች።

«ባንችይርጋ! ደህና ነሽ?»

«ሂጂ ወዲያ!» አለ ድምፅ ከውስጥ። «ብቻዬን መሆኔን እያጣጣምኩ ነው።»

ወጥታ አንድ ትልቅ ጣሳ ውኃ በአንድ ትንፋሽ ጠጣች። ከዚያ ደግማ ቀዳች። ማናችንም አልሳቅንም።

ፋሲካ አልፎ፣ አንድ ማክሰኞ ደሳለ በአይሱዙ ፍራሽ ጭኖ መጣ። ስለ ቤቱ ሰምቷል፣ ግን የላሊበላን ወሬ ያውቀዋልና አላመነም። ከመኪናው ወርዶ አለት ላይ በተፈለፈለው መንገድ ቁልቁል ሄደና በሩን አንኳኳ። መልስ የለም። ገፋው። ከዚያ ነው በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር ያየው።

«ማነው የቆለፈባት?» ብሎ ጮኸ።

ደብሪቱ ወጣች። «ማንም አልቆለፈባትም። እሷ ናት ቆልፋ የወጣች።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዋን።»

«የት?»

ደብሪቱ እኔን አየችኝ። እኔ ጋሻዬን አየሁት። ጋሻዬ ወደ ቧንቧው ሰልፍ ተጣራ፤ ሴቶቹም ጀሪካናቸውን ጥለው መጡ። ገበያ እንዳንል ማክሰኞ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንዳንል አሁን ከዚያ የመጡት አላዩዋትም። ለቅሶ የለም፣ ሰርግ የለም። ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሄደችው ተባለ፤ እሱንም የሚናገር ጠፋ። ከዓመት በላይ የሽንቷን ሰዓት ሳይቀር በቃላችን ስንይዝ የኖርን ሰዎች፣ አለት ላይ ቆመን እርስ በርስ ተያየን። እኔም፣ እኔ እንኳ፣ የት እንዳለች አላውቅም።

«አታውቁም?» አለ ደሳለ።

«አናውቅም!» አለች ደብሪቱ፤ አንድ ትልቅ ነገር እንደተሰጣት ሰው ነው ያለችው።

ሾፌሩ ከላይ ጡሩንባውን ነፋ። ደሳለ ጓጉንቸሩን በእጁ ይዞ መዘነው። ከዚያ ለቀቀው፤ «አንተ ተመለስ፣ ፍራሹንም ውሰደው» ብሎ ለሾፌሩ ጮኸና፣ መንገዱ ዳር አለቱ ላይ ተቀመጠ።

«መቼ ትመለሳለች?» አለን።

እሱንም አልነገረችንም።